«ዓይንህ ምንም የለውም» ከተባለ በኋላ፦ የሬቲና የኤሌክትሪክ ምርመራ ምን ያያል?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አንድ የዓይን ሕክምና ዜና በየስልኩ ዞረ። 2 ሚሊሜትር በ2 ሚሊሜትር የሆነች ቺፕ ከዓይን ጀርባ ካለችው ስስ ሽፋን፣ ከሬቲና፣ ሥር ትተከላለች፤ ማንበብ ያቃታቸው ሰዎችም ፊደል መለየት ይጀምራሉ የሚል ነው። ዜናው እውነት ነው። ፕሪማ የተባለችው ቺፕ ለ38 ሰዎች ተተክላ ነበር። ከዓመት በኋላ ከተመረመሩት 32 ሰዎች መካከል 26ቱ ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል።

በየመንደሩ ወሬ ላይ ግን አንድ ነገር ተዘለለ። ጥናቱ የተሠራው በዕድሜ ምክንያት ማኩላቸው፣ ማለትም የሬቲናቸው መሃል፣ ለተጎዳ ሰዎች ነው። በዘር በሚተላለፍ ችግር ከልጅነታቸው ጀምሮ እይታቸው ለሚዳከም ሰዎች አልነበረም። ሁለቱ በስም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም «የማኩላ መበላሸት» ይባላሉ። የሚጎዱት ሕዋሳት፣ የጉዳቱ ስፋትና የወደፊት አካሄዳቸው ግን ሊለያይ ይችላል። በዘር የሚመጡት እርስ በርሳቸው እንኳ አንድ አይደሉም። አንዱን ከሌላው ለመለየት ከሚያገለግሉት ምርመራዎች አንዱ በሰፊው አይታወቅም። ኤሌክትሮሬቲኖግራም ይባላል፤ ባጭሩ ኢአርጂ። ሬቲና ብርሃን ሲያገኛት የምታመነጨውን ኤሌክትሪክ የሚለካ ምርመራ ነው።

በቀን የሚያስቸግር ዓይን

ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት የምትለውጠው ከዓይን ጀርባ ያለችው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ናት። ለዚህ ሥራ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሏት። ሮድ የሚባሉት ከ90 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ በደብዛዛ ብርሃን ያዩልናል። ኮን የሚባሉት ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ቀለም፣ ደቃቅ ፊደልና የሰው ፊት የእነሱ ድርሻ ነው። ማኩላ የሬቲና መሃል ናት፤ ስፋቷ 5.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስናነብ የምንጠቀመው እሷን ነው።

ዳፍንትን የማያውቅ የለም። ሰውየው ሲመሽ አያይም፤ ሲነጋ ደህና ነው። እዚያ ቀድመው የሚዳከሙት ሮዶች ናቸው። የኮን በሽታ የዚህ ግልባጭ ነው። ልጁ በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን ይጨፍናል። አረንጓዴና ቀይ ይምታቱበታል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አያይም። ሲመሽ ግን በግቢው ውስጥ እንደልቡ ይሮጣል። ቤተሰብ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። «ጨለማ ውስጥ የሚያይ ልጅ እንዴት ጥቁር ሰሌዳ ያቅተዋል?» ይባላል። መነጽር ይታዘዛል፤ ለውጥ የለም። ሐኪሙ በመሣሪያ ወደ ዓይን ጀርባ ሲያይ በበሽታው መጀመሪያ ላይ ምንም ላያገኝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ይታወቃል። ወይ «ሰነፍ ነው» ይባላል፣ ወይ «ዓይነ ጥላ ነው» ይባላል።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

ነገሩ አዲስ አይደለም። የስዊድኑ ፍሪትዮፍ ሆልምግሬን የእንቁራሪት ዓይን ለብርሃን ኤሌክትሪካዊ ምላሽ እንደሚሰጥ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። የሞገዱን ክፍሎች ነጣጥሎ የተነተነው ራግናር ግራኒት እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። ምርመራው ወደ ሆስፒታል የገባው በ1940ዎቹ ነው። አሁን በመላው ዓለም የሚሠራበት የጋራ መመሪያ አለ። መመሪያው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ በየጊዜውም ይታደሳል።

ለተመርማሪው ሂደቱ አሰልቺ ነው እንጂ አደገኛ አይደለም። ብሌኑ በጠብታ ይከፈታል። ለ20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ጊዜ የሚባክን መስሎ የሚታየው ሰው አለ። ሮዶች ግን ያለ እሱ አይነቁም። ከዚያ ዓይኑ ላይ እንደ ኮንታክት ሌንስ ያለ፣ ወይም በጣም ቀጭን ክር የሆነ ኤሌክትሮድ ይደረጋል። ለሕፃናት ከዓይን ሥር ቆዳ ላይ የሚለጠፍም አለ፤ እሱ የሚይዘው ምልክት ግን ደከም ይላል። ጭንቅላቱን ጎድጓዳ ወደ ሆነ መሣሪያ ያስጠጋል። ብልጭታ ይመጣል።

መጀመሪያ በጣም ደካማ ብልጭታ ይሰጣል። ለዚህ የሚመልሱት ሮዶች ብቻ ናቸው። ቀጥሎ ጠንከር ያለው ይመጣል፤ ሮዶችም ኮኖችም ይመልሳሉ። ከዚያ ለ10 ደቂቃ ብሩህ ብርሃን ላይ ይቆያል። ይህ ሮዶችን ከጨዋታ ያስወጣቸዋል። በመጨረሻ በሰከንድ 30 ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይታየዋል። ሮዶች ይህን ፍጥነት መከተል አይችሉም፤ ኮኖች ይችላሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚመዘገበው ምላሽ የኮኖች ነው።

ውጤቱ ወረቀት ላይ እንደ ሞገድ ይወጣል። ቁልቁል የሚወርደው የመጀመሪያው ክፍል በዋናነት ከሮዶችና ከኮኖች ይመጣል። ሽቅብ የሚወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከእነሱ መልእክት ከሚቀበሉት ሕዋሳት ነው። ሐኪሙ ሁለት ነገር ይለካል። አንዱ የሞገዱ ቁመት ነው፤ በማይክሮቮልት ይነበባል። ሌላው ምላሹ እስኪመጣ የወሰደው ጊዜ ነው፤ በሚሊሰከንድ ይነበባል። ብዙ ሰው የሚያየው ቁመቱን ብቻ ነው። መዘግየቱ ግን ብዙ ይናገራል። የኮኖች ምላሽ መዘግየቱ ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ ሳይሆን በሬቲናው ሁሉ የተሰራጨ መሆኑን ይጠቁማል።

«ኖርማል ነው» ሲባል የቱ ኖርማል?

ትልቁ የሕዝብ ግርታ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ማንበብ አቅቶት ኢአርጂ ይሠራለታል፤ ውጤቱ «ኖርማል» ይላል። ቤተሰቡ ወይ ደስ ይለዋል፣ ወይ ምርመራው ውሸት ነው ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ከላይ የተገለጸው ምርመራ የሚሰማው የመላውን ሬቲና ድምር ነው። ማኩላ ላይ ያሉት ኮኖች ደግሞ ከጠቅላላው ኮን ከ10 በመቶ በታች ናቸው። በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ አጥር ውጭ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው፣ መሃል ያሉ ጥቂት ዘማሪዎች ዝም ቢሉ አያውቅም። ዝማሬው ያው ነው። በዓይንም እንደዚያ ነው። ማኩላ ክፉኛ ተጎድታ፣ ሰውየው ከጋዜጣ ርዕስ በስተቀር ማንበብ አቅቶት፣ የሙሉው ሬቲና ኢአርጂ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ማኩላን ለይተው የሚያዳምጡ ሌሎች ምርመራዎች አሉ። አንዱ የፓተርን ኢአርጂ ነው። ተመርማሪው ጥቁርና ነጩ ቦታ የሚለዋወጥ ሰሌዳ እያየ ይለካል። ሌላው መልቲፎካል ኢአርጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኤሪክ ሱተር ሥራ የመጣ ነው። ስክሪኑ በ61 ወይም በ103 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ይከፈላል፤ ከመሃል ሬቲና እያንዳንዷ ቦታ የሰጠችው ምላሽ ለብቻው ይወጣል። የትኛዋ ሠፈር ዝም እንዳለች በካርታ ታያለህ ማለት ነው። ጉድለትም አላቸው። ሁለቱም ሰውየው መሃሉን አተኩሮ እንዲያይ ይፈልጋሉ። መሃል እይታው የጠፋበት ሰው ደግሞ የሚቸገረው በዚሁ ነው። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ካለ ውጤቱ ይበላሻል።

የእነዚህን ጥቅም እንደ ጃፓኑ ሐኪም ዮዞ ሚያኬ ሥራ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ የተለየ በሽታ ገለጸ። የታማሚዎቹ ሬቲና ሲታይ ንጹሕ ነው። የሙሉው ሬቲና ኢአርጂም ጤነኛ ነው። እይታቸው ግን ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። ማኩላ ብቻዋን ስትለካ ነበር ችግሩ የተገኘው። «ስውር የማኩላ መበላሸት» የሚል ስም ተሰጠው። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ዘረመል፣ አርፒ1ኤል1፣ የታወቀው ከ20 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ኤሌክትሪኩ ባይለካ እነዚህ ሰዎች ምን ይባሉ ነበር? «ጭንቀት ነው» ወይም «ያስመስላሉ» ከመባል የሚያድናቸው አልነበረም።

ስለዚህ «ኢአርጂ ተሠራልኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። የትኛው ኢአርጂ ነው መጠየቅ ያለበት።

ስታርጋርት፦ አንድ ስም፣ ሦስት መንገድ

በዘር ከሚተላለፉ የማኩላ በሽታዎች በብዛት የሚታየው የስታርጋርት በሽታ ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1909 ከገለጸው ጀርመናዊ ሐኪም ከካርል ስታርጋርት የመጣ ነው። ከ8,000 እስከ 10,000 ሰው አንዱን እንደሚይዝ ይገመታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው። ምክንያቱ ኤቢሲኤ4 የተባለ ዘረመል መበላሸት ነው፤ ይህም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ዘረመሉ ጤነኛ ሲሆን ቫይታሚን ኤ በዓይን ውስጥ ሥራውን ሲሠራ የሚተወውን ዝቃጭ ለማጽዳት ያግዛል። ሲበላሽ ዝቃጩ ይከማቻል፤ ሕዋሳቱን ያንቃል።

ሁለት የስታርጋርት ታማሚዎች ተመሳሳይ የእይታ ልኬት ይዘው አንድ ክፍል ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። የሬቲናቸው ፎቶም ይመሳሰላል። የ20 ዓመት ዕጣቸው ግን የተለያየ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ለመገመት ኢአርጂ ትልቅ ቦታ አለው። ሐኪሞች በሦስት ይከፍሏቸዋል። በአንደኛው ምድብ ጉዳቱ ማኩላ ላይ ብቻ ነው፤ ሙሉው ሬቲና ደህና ይመልሳል። በሁለተኛው የመላው ሬቲና ኮኖችም ተነክተዋል። በሦስተኛው ኮኖችም ሮዶችም ተጎድተዋል።

በለንደን የተደረገ ጥናት 59 ታማሚዎችን በአማካይ ለአሥር ዓመት ያህል ተከታትሏል። በመጀመሪያው ምድብ ከነበሩት 22 በመቶው ላይ ኢአርጂው ጉልህ መባባስ አሳየ። በሁለተኛው ምድብ 65 በመቶ፣ በሦስተኛው ሁሉም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ግለሰብ ትንቢት አይሆንም። ቢሆንም ለአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ትርጉሙ ከባድ ነው። አንደኛ ምድብ ከሆነች ማንበብ ይቸግራት ይሆናል እንጂ መንገድ ላይ የመንቀሳቀስ አቅሟ ብዙ ጊዜ አብሯት ይቆያል። ሦስተኛ ከሆነች ግን የጎን እይታዋም እየጠበበ፣ ምሽቱም እየከበደ ሊሄድ ይችላል። የትምህርት ምርጫ፣ ሥራ፣ በነጭ በትር መንቀሳቀስን መማር፣ ይህ ሁሉ የሚታቀደው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። እንደኔ እይታ የምርመራው ዋና ጥቅም ለበሽታው ስም ማውጣት አይደለም። ምን እንደቀረና የቀረው ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ፍንጭ መስጠቱ ነው።

የኮን ዲስትሮፊ የሚባለውም በዚሁ ይለያል። ማኩላ ብቻ ከተጎዳች የማኩላ ዲስትሮፊ ነው። በመላው ሬቲና ያሉ ኮኖች ከደከሙ የኮን ዲስትሮፊ ነው። ሮዶች በኋላ ከተከተሉ ደግሞ ኮን-ሮድ ዲስትሮፊ ይባላል። ዲስትሮፊ ማለት በዘር ምክንያት ሕዋስ ቀስ በቀስ የሚዳከምበት ሁኔታ ነው። በዓይን ጀርባ ፎቶ ብቻ ሦስቱን መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ሞገዱ ራሱ ዘረመሉን ሲጠቁም

አንዳንዴ ኢአርጂ ከዚያም አልፎ ይሄዳል። ኬሲኤንቪ2 የተባለው ዘረመል ሲበላሽ የኮኖች ምላሽ ይዳከማል። የሮዶቹ ግን ጉድ ነው። ለደካማ ብልጭታ ትንሽና የዘገየ ምላሽ ይሰጣሉ፤ ለጠንካራው ግን ሞገዱ ያለ ልክ ያድጋል፣ አንዳንዴም ከጤነኛ ሰው ይበልጣል። ይህ ቅርጽ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ዘረመሉ የተገኘው ደግሞ በ2006። ልምድ ያለው ሐኪም ወረቀቱን አይቶ የደም ምርመራ ሳይመጣ ዘረመሉን ሊጠራው ይችላል።

ቤስት የሚባለው በሽታ ሌላ ምሳሌ ነው። ማኩላ ላይ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነገር ይታያል። ኢአርጂው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የሚያጋልጠው ኢኦጂ የተባለ ዘመድ ምርመራ ነው። እሱ ከሬቲና ሥር ያለውን ሽፋን ጤንነት ይለካል። በጨለማ የተመዘገበው ዝቅተኛ ቮልቴጅ በብርሃን ከተመዘገበው ከፍተኛ ጋር ይነጻጸራል። በቤስት በሽታ ይህ ንጽጽር ብዙውን ጊዜ ከ1.5 አይበልጥም። ከወላጅ አንዱ የበሽታው ዘረመል ኖሮት እይታው ደህና ሊሆን ይችላል፤ የእሱም ኢኦጂ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

የዘረመል ምርመራ እያለ ይህ ለምን?

ይህን የሚጠይቁ ባለሙያዎች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ዛሬ በምራቅ ወይም በደም ናሙና በመቶ የሚቆጠሩ የሬቲና ዘረመሎችን በአንዴ መመርመር ይቻላል። ኦሲቲ የተባለው መሣሪያ በብርሃን የሬቲናን ንብርብር በደቂቃዎች ውስጥ ይቃኛል። ጠብታ የለ፣ ኤሌክትሮድ የለ፣ ጨለማ የለ። ኢአርጂ ግን ጊዜ ይፈጃል፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ እያንዳንዱ ማዕከል የራሱን የጤነኛ ሰዎች መለኪያ ማዘጋጀት አለበት። ዓይኑ በጣም ቅርብ ብቻ የሚያይ ሰው ያለ በሽታም ሞገዱ ሊያንስ ይችላል። በአንድ ሰው ላይ ከቀን ቀንም ይለዋወጣል።

በሌላ በኩል ኦሲቲ ቅርጽ ነው የሚያሳየው። ቅርጹ ያለ ሕዋስ ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም። የዘረመል ውጤትም ብዙ ጊዜ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። የአፍሪካ ዝርያ ላላቸው ሰዎች ይህ የባሰ ነው፤ የማነጻጸሪያ መዝገቦቹ በብዛት የተሞሉት በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች መረጃ ነውና። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ያለ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለ ወረቀት ሊደርሰው ይችላል። ያኔ የተገኘው ለውጥ በእርግጥ በሽታውን አምጥቷል ወይ የሚለውን ለመመዘን የኢአርጂ ቅርጽ ማስረጃ ይሆናል። ሚዛኑ የሚያደላው አንዱን በሌላው ወደ መተካት ሳይሆን አንድ ላይ ወደ ማንበብ ነው።

ከሕክምና ጋር ያለው ግንኙነት

«ካሮት ብላ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካሮቱ አይደለም ችግሩ፤ የተለመደ ምግብ አይከለከልም። ስታርጋርት ያለበት ሰው ግን ከፍተኛ መጠን ያለው የቫይታሚን ኤ እንክብል ከመውሰድ እንዲቆጠብ ይመከራል፤ ዝቃጩ የሚመጣው ከዚያው ቫይታሚን ነውና። በተቃራኒው ለሌላ የሬቲና በሽታ፣ ለሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ፣ ይኸው ቫይታሚን ለዓመታት ይታዘዝ ነበር። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ ኢአርጂን እንደ መለኪያ የተጠቀመ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ትንተና ደግሞ ያ ጥቅም አልታየኝም ብሏል። ዳፍንትን የሚያመጣው የቫይታሚን ኤ እጥረት ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ቫይታሚኑ መድኃኒት ነው፤ የሮዶቹ ሞገድም ይመለሳል። ለሕፃናት የሚሰጠው ጠብታ የታሰበው ለዚህ ነው። ስታርጋርት ያለበት ልጅ ጉዳይ ከሐኪሙ ጋር የሚወሰን ነው እንጂ በራስ ውሳኔ የሚቀር አይደለም።

የዘረመል ሕክምናስ? እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 አሜሪካ ያጸደቀችው፣ ሉክስተርና የተባለው ሕክምና የሚሠራው አርፒኢ65 ለተባለ ዘረመል ብቻ ነው። ሲወጣ የሁለት ዓይን ዋጋው 850,000 ዶላር ነበር። ለስታርጋርት አይሆንም። ዘረመሉን ወደ ሕዋስ የሚያጓጉዘው ቫይረስ መያዝ የሚችለው 4,700 ያህል የዘረመል ፊደል ነው። ኤቢሲኤ4 ግን 6,800 ገደማ ይፈልጋል። አይገባም። ለሁለት ከፍሎ የማስገባትና ሌሎች ዘዴዎች እየተሞከሩ ነው።

ከእስራኤል የመጣው ታሪክ ደግሞ ተስፋንም ወሰንንም ያሳያል። እዚያ ቀን የማያዩ የአዋሲ በጎች ተገኙ። ኮኖቻቸው ሲወለዱ ጀምሮ አይሠሩም፤ በሰው ላይ አክሮማቶፕሲያ የሚባለው ሙሉ የቀለም ዕውርነት ማለት ነው። የተበላሸው ዘረመል ሲተካላቸው የኮኖች ኢአርጂ ተመለሰ፤ በጎቹም በቀን ብርሃን እንቅፋት አልፈው መሄድ ቻሉ። በሰው ላይ የተገኘው ግን ከዚህ ያነሰ ነው። የታከሙ ጥቂት ሰዎች ቀይን ከሌላው ለየት አድርገው ማየት ጀመሩ፤ እኛ እንደምናየው ግን አይደለም። ለሰው የሚሆን ሕክምና ከበግ የኢአርጂ ወረቀት ላይ አይነበብም።

በአገር ቤት

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ትራኮማ ነው። ሁለቱም ሊታከሙ ወይም ሊከላከሏቸው የሚቻሉ ናቸው። ውስን ገንዘብ ቀድሞ ወደዚያ መሄዱ አያስገርምም። የኢአርጂ ክፍል በየሆስፒታሉ ይከፈት ማለትም ቅንጦት ይመስላል። ብሌን መክፈት የማይጠይቁ፣ በእጅ የሚያዙ፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ የሚሠሩ መሣሪያዎች መኖራቸው ግን ስሌቱን ትንሽ ቀይሮታል። እነሱም ቢሆኑ ማኩላን ለይተው ስለማያዳምጡ ስታርጋርትን በመጀመሪያው ደረጃው ሊያልፉት ይችላሉ።

ስለ ዘር ሲነሳ «እኛ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው» የሚል ክርክር ይሰማል። ቆጠራው ለብዙ ብርቅዬ በሽታዎች በእርግጥ ይረዳል። የስታርጋርት ዘረመል ግን በጣም የተሰራጨ ነው። ከ20 ሰው አንዱ ገደማ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሳያውቀው እንደሚሸከም ይገመታል። ስለዚህ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ጤነኛ ሰዎች ተጋብተው የታመመ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ጥፋቱ የእናትም የአባትም አይደለም።

ምርመራው በሌለበት ሐኪም ባዶ እጁን አይቀርም። የቀለም መለያ ፈተና፣ ኦሲቲ፣ ዝቃጩን አብርቶ የሚያሳየው የሬቲና ፎቶ፣ የቤተሰብ ታሪክና «የሚያስቸግርህ ቀን ነው ማታ?» የሚለው ተራ ጥያቄ ብዙ ርቀት ይወስዳሉ። ወደ ውጭ ሄዶ የተመረመረ ሰው ደግሞ «ኖርማል» ወይም «አብኖርማል» የሚለውን ማጠቃለያ ብቻ ይዞ ባይመለስ ይመረጣል። ሞገዶቹ ራሳቸው፣ የተሠራው የትኛው ዓይነት እንደሆነና የማዕከሉ መለኪያ ያለበትን ሙሉ ወረቀት ይጠይቅ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ጉዳቱ መስፋቱን የሚያውቀው ያንን ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው።